ዓባይ ማደሪያ አገኘ፤ ግንዱስ?

ባለፈው ወደ ሐዋሳ ስንወርድ ቆቃ ላይ አሳ ልንበላ ቆምን። ከሞጆ ወደ መቂ በሚወስደው በድሮው መንገድ ለተመላለሰ ሰው ቦታው አዲስ አይደለም። መንገድ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት ይሸጣል። ቆሮሶው ሙሉውን ተጠብሶ ከሎሚና ከዳጣ ጋር ይቀርባል። ሐይቁ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ጠጋ ሲሉት ግን አረንጓዴ ነው፣ ሽታም አለው።

ከበላን በኋላ ወደ ዳር ወረድኩ። አንድ ልጅ መረቡን እያጸዳ ነበር። ከመረቡ የሚያወጣው አሳ ሳይሆን እምቦጭ ነው። "አሳው የታለ?" አልኩት። "ጋሼ፣ ዛሬ የተያዘው ይሄ ነው" አለኝ እየሳቀ። እዚህ ጋ ውሃው ምን ያህል ይጠልቃል ስለው ጀልባውን የሚገፋበትን ዘንግ አነሳና ወደ ታች ሰደደው። ገና ግማሹ ሳይገባ ቆመ። ሲያወጣው ጫፉ ላይ ወፍራም ቡናማ ጭቃ ተለጥፏል። በጣቱ ጠረገው። "ይሄ ከላይ፣ ከአገር ቤት የመጣ ነው" አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ጭቃ ከሐሳቤ አልወጣም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። በእኛ አገር ስለ ግድብ ጉዳት መጻፍ ወዲያው "ለማን ነው የምትሠራው?" ያስብላል። እኔ የሕዳሴውን ቦንድ ገዝቻለሁ። 8100 ላይ ስንት ጊዜ ቴክስት እንደላክሁም አላስታውስም። የተመረቀ ቀን እንደ ሰው ሁሉ ደስ ብሎኛል። ጉዳቱን የምጽፈውም ግድቡ የእኛ ስለሆነ ነው። የራሱን ቤት ጣሪያ የሚያይ ሰው ቤቱን ጠላ አይባልም።

"ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል" ስንል ኖረናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉባ ላይ ግድቡ ሲመረቅ ተረቱ አበቃለት ተባለ። እውነት ነው፣ ማደሪያው ተገኝቷል። ያውም 145 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ማደሪያ። ስለ ግንዱ ግን የጠየቀ አልሰማሁም። ወንዝ እኮ ባዶ እጁን አይመጣም። አፈር ይዞ ይመጣል፣ ቅጠል ይዞ ይመጣል፣ የከተማ ቆሻሻና የማሳ ማዳበሪያም ይዞ ይመጣል። ድሮ ይዞት ያልፍ ነበር። አሁን አስቁመነዋል። ሲቆም ደግሞ የያዘውን ያራግፋል።

መጀመሪያ ግን ውሃው ራሱ ምን ያህል ነው? ቢጫዋን የ20 ሊትር ጀሪካን አስቡ። የምድር ውሃ በሙሉ እሷ ውስጥ ነው እንበል። ከዚህ ውስጥ ጨው የሌለበት 2.5 በመቶ ብቻ ነው፤ አንድ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ማለት ነው። ቀሪው ባሕር ነው። ከሃይላንዷም ሁለት ሦስተኛው በዋልታዎችና በተራሮች ላይ በረዶ ሆኖ ተቀምጧል። አንድ ሦስተኛ ገደማው መሬት ሥር ነው፤ ብዙው ቆፍረን የማንደርስበት። በዓይናችን የምናያቸው ወንዞችና ሐይቆች ሁሉ፣ ዓባይም ጣናም አማዞንም ተደምረው፣ ከጀሪካኗ 1.5 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናሉ። የሻይ ማንኪያ ሲሶ እንኳ አይሞላም። ዓለም በሙሉ የሚጣላው በዚህችው ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ ስማችን ትልቅ ነው፤ "የምሥራቅ አፍሪካ የውሃ ማማ"። በዓመት ወደ 122 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ በወንዞቻችን ይፈሳል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሕዝባችን 22 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ ሰው ከ5,000 ሜትር ኩብ በላይ ይደርሰዋል። ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነን። ያው ውሃ ለዚህ ሕዝብ ሲካፈል 1,000 ሜትር ኩብ አካባቢ ላይ ያርፋል። የዘርፉ ባለሙያዎች የውሃ እጥረት ብለው የሚጠሩት ከ1,000 በታች ያለውን ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ጎረቤት ምንም ሳይወስድ፣ ጠብታው ሁሉ እዚሁ ቀርቶ ቢሆን ነው። በእውነቱ ግን አብዛኛው ድንበር ይሻገራል። የሚመጣውም በአብዛኛው በክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ድልድይ ይወስዳል፣ የካቲት ላይ በሬ የሚያጠጡበት ይጠፋል።

ስለዚህ ግድብ ያስፈልጋል። የክረምቱን ለበጋ ማቆየት አያት ቅድመ አያቶቻችንም በጎተራ ያደረጉት ነው። ግን ጎተራ እህል አይወልድም። ግድብም ውሃ አይወልድም። ያስቀምጣል፣ ለማስቀመጫውም ኪራይ ይቆርጣል።

የመጀመሪያው ኪራይ ፀሐይ ነው። የዚህን ልክ በግልጽ የምናገኘው፣ የሚገርመው፣ እኛ ባልተጠራንበት ውል ላይ ነው። ግብፅና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 ዓባይን ሲካፈሉ የወንዙን የዓመት ፍሰት 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ቆጠሩ። ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5። ደምሩት፣ 74 ይመጣል። ቀሪው 10 ቢሊዮን የማን ነው? የፀሐይ ነው። ከአስዋን ግድብ ጀርባ ከተኛው ከናስር ሐይቅ ተኖ የሚጠፋ ብለው ለብቻው መዘገቡት። ለኢትዮጵያ ዜሮ፣ ለፀሐይ 10! ነጭ ዓባይና ተከዜ የሚጨምሩት ሳይቆጠር፣ ዓባይ ከአገራችን ሲወጣ በዓመት በአማካይ 49 ቢሊዮን ገደማ ይዞ ነው። አንድ አምስተኛውን ያህል በረሃ ላይ ለአየር መስጠት ማለት ነው።

ከሕዳሴ ጀርባ የተኛው የእኛው ንጋት ሐይቅ በዚህ በኩል ይሻላል። ሸለቆ ውስጥ ነው፣ ጥልቅ ነው፣ እንደ ኑቢያ በረሃም አይቃጠልም። የሚነገረው የትነት መጠን በዓመት 1.7 ቢሊዮን ገደማ ነው። ትንሽ አይደለም፤ ከአስዋን ጋር ግን አይወዳደርም። ውሃን ከላይ፣ ከደጋው አጠገብ ማስቀመጥ ይበጃል የሚለው የእኛ ክርክር እዚህ ላይ ጥሩ መሠረት አለው።

ሁለተኛው ኪራይ ያ የዘንጉ ጭቃ ነው። ለዚህ ወደ ቆቃ እንመለስ።

ቆቃ የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 43.2 ሜጋ ዋት ያመነጭ ነበር። ዛሬ ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፣ ያኔ ግን የአገር ኩራት ነበር። ለአዲስ አበባ መብራት ሰጠ። የወንጂን ሸንኮራ ከጎርፍ ጠበቀ። ከታች ለመስኖ የሚሆን ውሃ በበጋም እንዲወርድ አደረገ። ውለታው ብዙ ነው።

አዋሽ ግን የሚመጣው ለብዙ መቶ ዓመት ከታረሰው ከሸዋ ደጋ ነው። ዳገቱ ተራቁቷል፣ ዛፉ አልቋል። ጤፍ ደግሞ መሬቱ ልሞ፣ ዱቄት መስሎ ካልታረሰ ደስ አይለውም። የሰኔ የመጀመሪያው ዶፍ የሚያገኘው ይህንን ባዶና ልስልስ መሬት ነው። ጠርጎት ይወርዳል። ውሃው ቆቃ ሲደርስ ፍጥነቱ ይሞታል፣ አፈሩም ይዘቅጣል። ሐይቁ ሲሠራ ከነበረው የመያዝ አቅም አንድ ሦስተኛ ገደማውን ደለል ወስዶበታል። የዚያን ልጅ ዘንግ ያቆመው ይኸው ነው።

የዚህ ጉዳት መብራት በመቀነስ ብቻ አይቆምም። ሐይቁ ሲጠብ ጎርፍ የሚቀበልበት ቦታም ይጠባል። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ግድቡ ቶሎ ይሞላል። ሲሞላ በሩ ይከፈታል። ሲከፈት ታች ያለው ገበሬና የአፋር አርብቶ አደር ማሳውና ከብቱ ውሃ ውስጥ ይገባል። በየክረምቱ በዜና "ከቆቃ ግድብ ውሃ ስለሚለቀቅ የአዋሽ ተፋሰስ ነዋሪዎች ጥንቃቄ አድርጉ" ሲባል እንሰማለን። ጎርፍ ይከላከላል ተብሎ የተሠራ ግድብ፣ ሆዱ በአፈር ስለተሞላ፣ ራሱ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሆነ።

ደለሉን ማውጣት አይቻልም ወይ? ይቻላል። ግን በየክረምቱ የሚመጣውን ስታስቡት ለገልባጭ መኪና የሚከፈለው ገንዘብ ሌላ ግድብ ያሠራል። ወጥቶስ የት ይደፋል? ርካሹ መንገድ አፈሩ ከማሳው ሳይነሳ መያዝ ነው። እርከን፣ ክትር፣ የወንዝ ዳር ሣር። ለዚህ ሪባን የሚቆርጥ ስለሌለ በጀቱም ወሬውም ትንሽ ነው።

ቆቃ ብቻውን አይደለም። ከአዲስ አበባ አፍንጫ ሥር ያለው አባ ሳሙኤልም አለ። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራ፣ በአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው። አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ኖረ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት በቻይና ድጋፍ ታደሰ። ተርባይኑ ይታደሳል። ውሃው ግን የአዲስ አበባ ወንዞች የሚሸከሙትን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚደርሰው። የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የሽንት ቤት፣ ፕላስቲክ። እዚያ ዳር ቆሞ አፍንጫውን ሳይዝ ፎቶ የሚነሳ ሰው አላየሁም።

ለዚህ ነው አረንጓዴው ነገር የሚመጣው። የማዳበሪያና የፍሳሽ ምግብ በቆመ ውሃ ውስጥ ይጠራቀማል። አልጌው ይባዛል። እምቦጭ ሲጨመርበት ድግስ ነው። ብዙ ሰው እምቦጭን የሚያውቀው በጣና ነው። ወደ አገራችን መግባቱ የተመዘገበው ግን ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ በዚሁ በቆቃና በአዋሽ ነው። ግድቡ ከተሠራ አምስት ዓመት ሳይዘልል ማለት ነው። የሚሮጥ ወንዝ እምቦጭን ይገፋዋል። የተኛ ውሃ ግን ያሳድገዋል።

ወባም እንዲሁ ናት። በቆቃ ዙሪያ የተሠሩ ጥናቶች ለሐይቁ ዳር የቀረቡ መንደሮች ከራቁት ይልቅ በወባ እንደሚጠቁ አሳይተዋል። ምክንያቱ ጥልቁ ውሃ አይደለም። ውሃው ሲሸሽ ዳር ላይ ኩሬ ይቀራል። የከብት ኮቴ ጭቃው ላይ ጉድጓድ ይሠራል፣ ውሃ ይቋጥራል። ትንኟ የምትፈልገው ይህችን የእጅ መዳፍ የምታህል ኩሬ ነው። ከግድቡ የሚለቀቀውን ውሃ ፍጥነት በማስተካከል ብቻ ኩሬዎቹን መቀነስ እንደሚቻልም ተነግሯል። እንግዲህ ለመብራት ተብሎ የሚከፈት በር የአንድ መንደር ትኩሳት ላይ ይወስናል። በሩን የሚከፍተው መሐንዲስ ስለ ትንኝ ይጠየቅ ይሆን? አይመስለኝም።

አሁን የአሮጌውን የአንድ ብር ኖት አስታውሱ። በጀርባው ያለው ፏፏቴ ጢስ ዓባይ ነው። በክረምት ሲሞላ እስከ 400 ሜትር የሚሰፋ፣ ጭሱ ከሩቅ የሚታይ። ኖቱ ወደ ሳንቲም ተቀየረ። ፏፏቴውም በበጋ ከገደል ላይ የሚንጠባጠብ ክር ሆነ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ባሕር ዳር ላይ፣ ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት፣ ጨራ ጨራ የሚባል መቆጣጠሪያ በር ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሁለት በሮች፣ በ2001 አምስት ተጨመሩ። ዓላማው የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች ዓመቱን ሙሉ እኩል ውሃ እንዲያገኙ ነው። ከዚያ ድርቅ መጣ፣ መብራት ተፈለገ፣ ከሐይቁ ብዙ ተወሰደ። በ1995 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ጣና በታወቀ ታሪኩ ዝቅ ካለባቸው ደረጃዎች አንዱ ላይ ወረደ። ጀልባዎች ወደብ መቅረብ አቃታቸው። ደንገሉ ደረቀ። ገበሬው ባሕር ሸሹን ተከትሎ እየገባ አረሰ። አሳ የሚራባበት ዳር ማሳ ሆነ።

በግንቦት 2002 ዓ.ም. ደግሞ ጣና በለስ ተመረቀ። 460 ሜጋ ዋት ነው፤ የጢስ ዓባይን ሁለቱን ማመንጫዎች ደምረን አምስት እጥፍ ይበልጣል። ውሃውን ከጣና በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ይጥለዋል። ውሃው አልጠፋም፤ በለስ ዞሮ ዓባይን ይቀላቀላል። የጠፋው በመካከል ያለው ወንዝ ነው። በሂሳብ ብትሉኝ አያከራክርም። አምስት እጥፍ መብራት የማይፈልግ ማን ነው? ግን ለቱሪስት ዱላና ጭራ የምትሸጥ የነበረችው የጢስ ዓባይ ልጅ በዚህ ሂሳብ ውስጥ የትኛው መስመር ላይ ነው የተመዘገበችው? የግድብ ወጪ ሲባል ሲሚንቶና ብረት ይቆጠራል። የወንዝ አገልግሎት ግን ዋጋ የተለጠፈበት ዕቃ ስላልሆነ ነፃ ይመስለናል።

ኦሞም ላይ ይኸው ነው፤ እዚያ ግን ጉዳዩ የእህል ነው። ዳሰነች፣ ካሮ፣ ኛንጋቶምና ሙርሲ ለዘመናት የኦሞን ሙላት ጠብቀው ኖረዋል። ወንዙ ይሞላል፣ ዳሩን ያለብሳል፣ ይሸሻል። በቀረው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ይዘራሉ። ማዳበሪያ የለ፣ ሞተር የለ። ጎርፍ ለእኛ አደጋ ነው፤ ለእነሱ ግን እርሻ ነበር። 243 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ ሦስት እ.ኤ.አ. በ2015 ውሃ መያዝ ሲጀምር ይህ የወንዙ ትንፋሽ ተቆረጠ። ሰው ሠራሽ ጎርፍ ይለቀቃል ተብሎ ነበር፤ ጎርፍ ግን ተርባይን ሳይነካ የሚያልፍ ውሃ ነው፣ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ደግሞ ብር ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2018 በኬንያ በኩል ያሉትን የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮች አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገባቸው፤ ሐይቁ አብዛኛውን ውሃውን የሚያገኘው ከኦሞ ነውና።

እዚህ ላይ ግን ሐቁን ሙሉ ልናገር። ብዙ ሰው ቱርካና ይደርቃል ብሎ ነበር። አልደረቀም። ይልቁንስ በኋለኞቹ ዓመታት በከባድ ዝናብ ምክንያት ሞልቶ ዳሩን ተሻገረ፤ ዳሰነች ውስጥ መንደሮችን አጥለቀለቀ። ተፈጥሮ የማንንም ትንበያ አታከብርም፤ የተቃዋሚውንም የደጋፊውንም። የጠፋው የማሽላ ጎርፍ ግን በዚህ አልተመለሰም። በሰዓቱ መጥቶ በሰዓቱ የሚሸሽ ሙላት ሌላ ነው፣ መጥቶ የሚተኛ ሌላ።

ስለ ጋዝ አንድ ቃል ልበልና ልለፍ። ጫካ ውሃ ሥር ሲቀበር ይበሰብሳል፤ አየር በሌለበት ሲበሰብስ ሜቴን የሚባለውን ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ያወጣል። በዚህ ስሟ የጎደፈው በብራዚል አማዞን ያለችው የባልቢና ግድብ ናት። 250 ሜጋ ዋት ለማግኘት ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ደን አጥለቀለቀች። ሕዳሴ ከእሷ ባነሰ ስፋት ሃያ እጥፍ አቅም አለው። ከመሞላቱ በፊትም ምንጣሮ ተካሂዷል። ስለዚህ በዚህ በኩል እንደ ባልቢና አያሳፍረንም፤ "ምንም ጋዝ የለም" ማለት ግን አይቻልም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። መብራታችን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው። ዝናብ ሲዘገይ አምፖላችን ይደነግጣል። ግንቦት 2011 ዓ.ም. ላይ የጊቤ ሦስት ውሃ ቀንሶ አገሩ በሙሉ ፈረቃ ገባ፤ ለሱዳን የሚላከውም ተቋረጠ። እንጀራ መጋገሪያው ምጣድ ላይ ሊጥ ተዘርግቶ መብራት የሄደበት ሰው ይህንን አይረሳም። በሌላ በኩል የአገራችን ነፋስ የሚበረታው በበጋ ነው፤ ወንዙ ሲደክም። አዳማና አሸጎዳ ላይ የሚሽከረከሩት ማማዎች ለጌጥ አልተተከሉም። ነፋስ በሚሠራበት ሰዓት የግድቡን በር ዘግቶ ውሃ ማትረፍ ይቻላል። ሁሉንም እንቁላል አንድ ግድብ ውስጥ ከማስቀመጥ ይሻላል።

በእኔ ሰፈር ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። መብራት አለ፣ ውሃ የለም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ሌሊት፣ ቧንቧው ያፏጫል። ጣሪያ ላይ ያለችው ሮቶ ካልሞላች ሳምንቱ በጀሪካን ነው። የሚመለከተው ቢሮ ስደውል "ፈረቃችሁ ነው" ይሉኛል፤ የትኛው ቀን እንደሆነ ግን በየሰው ይለያያል። ትልቅ ወንዝና ትልቅ ግድብ ማለት በቧንቧ የሚመጣ ውሃ ማለት አይደለም። ጉባ ያለው ውሃ ከባሕር ጠለል 640 ሜትር ላይ ነው፤ እኔ ከ2,300 በላይ ላይ ነኝ። ያ ውሃ ወደ እኔ አይወጣም። ለአዲስ አበባ የሚጠጣው ከለገዳዲ፣ ከድሬ፣ ከገፈርሳና ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። እነሱም በዙሪያቸው ያለው መሬት ሲታረስና ቤት ሲሠራበት ደለል ይጠጣሉ።

ወደ ግንዱ ልመለስ። ዓባይ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ አፈር ከአገር ያወጣል። የጎጃም፣ የወሎ፣ የጎንደር፣ የሸዋ፣ የወለጋ አፈር። ድሮ ሱዳን ይደርስ ነበር። የሮዛሪስን ግድብ ሞላባቸው፤ ከፍታውን 10 ሜትር ጨምረው እ.ኤ.አ. በ2013 ጨረሱ። በተከዜ ታችኛው በኩል ያለችው ኸሽም አል ቂርባ ደግሞ ከግማሽ በላይ አቅሟ ጠፋ። የሚያሳዝነው፣ ያቺ ግድብ የተሠራችው አስዋን ሲሞላ ቤታቸው ውሃ ውስጥ ለገባባቸው ለዋዲ ሐልፋ ኑቢያውያን አዲስ እርሻ እንድታጠጣ ነበር። አንዱ ግድብ አፈናቀላቸው፣ የተሰጣቸውን ደግሞ ደለል በላባቸው።

አስዋን ላይ ደለሉ ሲቆም ግብፅም ከፈለች። በጎርፉ ምግብ የሚመጣላት ሳርዲን ከባሕሩ ዳር ጠፋች ማለት ይቻላል። ዓባይ ባሕር በሚገባበት በረሺድ ላይ የሜዲትራኒያን ባሕር ዴልታውን መብላት ጀመረ። ገበሬው ዓባይ በነፃ ያመጣለት የነበረውን በማዳበሪያ ከረጢት መግዛት ያዘ።

አሁን ያ አፈር ጉባ ላይ ይቆማል። ለሱዳን ቦዮች እፎይታ ነው፤ ጭቃ መዛቂያ ወጪያቸው ይቀንሳል። ዓባይ ዳር በሸሸ መሬት ላይ ለሚያርሰውና ጡብ ለሚሠራው ሱዳናዊ ግን ጉዳት ነው። ለእኛስ? በእጄ ሂሳብ ሠራሁ። ከ74ቱ ቢሊዮን ውስጥ 14.8ቱ ከተርባይን በታች የሚተኛ ነው፤ ቢሞላም መብራት አያጠፋም። 100 ሚሊዮን ቶን አፈር ደግሞ 0.1 ቢሊዮን ሜትር ኩብ እንኳ አይሞላም። ደለሉ ሁሉ ታች ቢተኛ ከመቶ ዓመት በላይ ይወስዳል። እርግጥ ደለል ሂሳብ አያውቅም፤ አብዛኛው መጀመሪያ የሚያርፈው ወንዙ ሐይቁ ውስጥ በሚገባበት አፍ ላይ ነው። ያም ሆኖ ሕዳሴ ነገ ቆቃ አይሆንም።

ስለዚህ ለግድቡ ብዬ አልሰጋም። የሚያስፈራኝ አፈሩ የተነሳበት ቦታ ነው። ጉባ የሚደርሰው ጭቃ ከላይ ከአንድ ሰው ማሳ የተነሳ ነው። ግድቡ መቶ ዓመት ይችለዋል፤ ማሳው ግን አይችለውም። ደብረ ታቦር አካባቢ ወይም ደቡብ ወሎ የሄደ ሰው አይቶታል፤ ማረሻው አለት ሲነካ የሚያሰማው ድምፅ አለ። ገበሬው በሬዎቹን ያቆማል፣ ጎንበስ ይላል፣ ድንጋዩን ያነሳና ወደ ዳር ይወረውራል። ከዚያ "በል" ይላል። ጥቂት ሄዶ ደግሞ ቂው ይላል።